የሰዓት ሠሪው ፊልም መጨረሻ

በዚያን ዘመን እንኳን ሰው የገዛ ጥላዬንም አላምንም ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ አምቦ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ትዳር ያልያዘ፣ መንገድ ሲሄድ ሁለት ሦስቴ ወደኋላ የሚገላመጥ ቀጭን መምህር ካጋጠማችሁ ያ እኔ ነኝ። ትውልዴ ደንዲ ነው፤ ከጊንጪ ወጣ ብሎ። ቤተሰቦቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ እኔም ያው ነኝ። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየሰው ቤት ተራ ገብተን ነበር የምንጸልየው። ከነዚያ ቤቶች አንዱ የእኔ የኪራይ ክፍል ነበር። መዝሙሩን ሳይቀር በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። በሹክሹክታ መዘመር እንዴት እንደሚያስቅም እንደሚያስለቅስም የሞከረው ያውቀዋል።

በዚያው ሰሞን አብረውን ከሚጸልዩት ሁለት ሰዎች ተወሰዱ። «ለጥቂት ደቂቃ እናናግራችሁ» ተብለው ነው የሄዱት፤ ከዚያ ወዲያ የት እንዳሉ የሚነግረን ጠፋ። እኔ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ድው ይል ጀመር። ማነው የጠቆመብን? ባወጣው ባወርደው ሐሳቤ የሚያርፈው አንዲት ተማሪዬ ላይ ነው።

ጫልቱ ትባላለች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጎበዝ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲናገር ዓይኗን የማትነቅል። የምትኖረው አጎቷ ቤት ነው። አጎቷ ደግሞ ጓድ ሽፈራው ነው፤ አምቦ ላይ ስሙ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት ካድሬ። ይህች ልጅ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ የጓደኞቿን ደብተር ልታስረክበኝ ቤቴ ድረስ መጣች። እኛ ውስጥ ሆነን እየዘመርን ነበር። በሩን ስከፍት ደብተሮቹን እንደታቀፈች ደርቃ ቆማለች። አንድ ቃል ሳትተነፍስ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ሰዎቹ የተወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ማንን ትጠረጥሩ ነበር?

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። ያን ጊዜ የአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አልፎ አልፎ ፕሮጀክተርና ፊልም ያውሰን ነበር። ተማሪው አይቶ፣ ስቆና አፏጭቶ ይበተናል። እኔ ግን ርዕሰ መምህሩን ለምኜ ፊልምን እንዴት መርምሮ መገምገም እንደሚቻል የሚማር ክበብ አቋቋምኩ። «ፊልም ማየት ደግሞ ምኑ ይማራል?» ብሎ ሳቀብኝና ፈቀደልኝ። ለመጀመሪያው ልብ አንጠልጣይ ፊልም መረጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመረጥኩት የደረሰን እሱ ብቻ ስለነበር ነው።

ፊልሙ ከሚታይበት ቅዳሜ በፊት በነበሩት ሳምንታት ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተማርኳቸው። «መደንገጥና ልብ መንጠልጠል ይለያያሉ» እላቸዋለሁ። «በር ድንገት ሲበረገድ ትደነግጣላችሁ፤ አለቀ። ከበሩ ጀርባ ሰው አድፍጦ መቆሙን እናንተ አውቃችሁ፣ የሚገባው ሰውዬ ካላወቀ ግን ወንበራችሁን ጨምድዳችሁ ትይዛላችሁ። ስለዚህ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ስታዩ ጠይቁ። እኛ ምን እናውቃለን? ሰውየው ምን አያውቅም? ፊልም ሠሪው ይህን ሰው እንድንጠረጥረው ያደረገን በምን በምን ነው?» ጫልቱ ከፊት ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ትሰማኛለች። እኔ ደግሞ ‘የምትሰማው ለማን ልትነግር ነው?’ እያልኩ አላያትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ባመጡት ብርድ ልብስና ጋቢ የአዳራሹን መስኮቶች ሸፈኑ። መድረኩ ላይ ነጭ አቡጀዴ ወጠርን። ጋሽ በቀለ ፕሮጀክተሩን አስተካከለ። እሱ ከጽሕፈት ቤቱ ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ማሽኑን ሰው ሲነካበት የሚቆጣ ሽማግሌ ነው። ፊልሙ በሦስት ጥቅል የመጣ የውጭ አገር ፊልም ነው፤ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ርዕሱ ያለበት መግቢያው ግን ተበጥሶ ጠፍቷል። «ስሙን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀው» አለ ጋሽ በቀለ።

ልንጀምር ስንል ጫልቱ እያለከለከች መጣች።

«ቲቸር፣ ለብቻዎ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ከፊልሙ በኋላ።»

«አይ፣ ከፊልሙ በፊት ቢሆን ነው የሚሻለው። እባክዎ ቲቸር።»

«ጫልቱ! ከፊልሙ በኋላ አልኩሽ እኮ!»

በሰው ፊት ነው የጮህኩባት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ወደ በሩ ስትመለከት እኔም ዞር አልኩ። ጓድ ሽፈራው እየገባ ነው፤ ከኋላው ኮቱ ወገቡ ላይ ያበጠ አንድ ሰው አለ። ያበጠው ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ልጅቷ ገባች፣ አጎቷ ተከተላት! ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

«አካም ጅርታ፣ ጓድ መምህር!» አለኝ ጓድ ሽፈራው ፈገግ ብሎ። «ተማሪዎቻችን ምን እየተማሩ እንደሆነ ልናይ ነው። እንዳላያችሁን ሁኑ።» ቀጠለና ጠጋ ብሎ፣ «ፊልሙ ሲያልቅና ልጆቹ ሲበተኑ ለጥቂት ደቂቃ እናናግርሃለን» አለኝ።

አለቀልኝ አልኩ። ሰዎቹ አዳራሹ ካለችው ብቸኛ በር አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በተማሪ ፊት ግርግር እንዳይነሳ ፊልሙ እስኪያልቅ ሊጠብቁኝ ነው። ዕድሜዬ በሦስት ጥቅል ፊልም ተለካ ማለት ነው። «ጋሽ በቀለ፣ ጀምር» አልኩ።

ፊልሙ ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰውየው በምድር ቤቱ ቁስለኛ ደብቋል። አንድ መርማሪ ፖሊስ ሰዓቱን ሊያሠራ ወደ ሱቁ ይመጣል። ተመልካቹ ግን መርማሪው ከሱቁ ውጪ ቆሞ የገዛ ሰዓቱን ሆን ብሎ ሲያበላሽ አይቶታል። በማግስቱ ያው ሰዓት፣ ያው መርማሪ። ሰዓት ሠሪው በአጉሊ መነጽሩ ሰዓቱን እያየ ላብ ያጠምቀዋል። እኔም ከአቡጀዴው ጎን በጨለማ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። ወይ ጉድ፣ ስንት ፊልም እያለ ይኼን ይላኩብኝ!

የመጀመሪያው ጥቅል አለቀ፤ መብራት በራ። ቶሎ ብዬ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል የጫልቱ እጅ ተነሳ።

«ቲቸር፣ ቤቱ ውስጥ ሰው የደበቀ ሰው ወንጀለኛ ነው?»

አቤት ድፍረት! ካድሬው እየሰማ! ልታናግረኝ፣ በአፌ ልታስይዘኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። «የፊልሙን አሠራር ጠይቂ፤ ሕግ አላስተምርም» አልኳት። አላረፈችም። «እሺ፣ ፊልም ሠሪው ሰዓት ሠሪውን እንድንወደው ያደረገን በምንድን ነው?» አለች። ሌላዋ ተነሳች። ሌላው ተከተለ። ወንበር ላይ የሚያንቀላፉት ሁሉ፣ በዓመት አንዴ እጃቸውን የማያወጡት ሁሉ፣ እጃቸውን አወጡ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው «የእሱን ሐሳብ እቃወማለሁ» ብሎ ይነሳል።

በዚህ መሐል ደበላ የሚባለው፣ የእግር ኳስ ቡድኑ አምበል፣ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ አስፈቀደ። በሩ ላይ ያለው ባለ ኮቱ ሰውዬ አሳለፈው። ደበላ ግን አልተመለሰም። ‘ቤቴን ሊያሳያቸው ሄደ’ አልኩ በሆዴ። አንዴ ጥርጣሬ ከገባ የሚያቆመው የለም፤ ጋሽ በቀለንም ጠረጠርኩ፤ የመስኮቱን ጋቢ የሚያስተካክለውን ልጅም ጠረጠርኩ።

ሁለተኛውን ልናስጀምር ስንል ደግሞ ከኋላ፣ «መርማሪው ሰዓቱን የሚያበላሽበትን ቦታ በደንብ አላየነውም፤ ይደገምልን!» የሚል ድምፅ ተነሳ። «ይደገም! ይደገም!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

«እናንተ ልጆች፣ ይኼ እኮ ወደኋላ የሚጠቀለለው በእጅ ነው!» ብሎ ጋሽ በቀለ ጮኸ።

«አባታችን፣ ለትምህርት ነው» አለችው ጫልቱ።

እያጉረመረመ ጠቀለለው። ከኋላ ጓድ ሽፈራው ይቆጣል ብዬ ዞር ስል፣ ወደፊት ሰገግ ብሎ አቡጀዴውን ያያል። እሱም ልቡ ተንጠልጥሏል።

በሁለተኛው ጥቅል ሰዓት ሠሪው ሁሉንም መጠርጠር ጀመረ። ሚስቱ መጋረጃ ስትዘጋ ለማን ምልክት ልትሰጥ ነው ይላል። ረዳቱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ይከተለዋል። ሚስቱ ግን ለቁስለኛው በድብቅ ምግብ እያወረደች መሆኑን ተመልካቹ ያያል። አየሁት፤ ዓይኔ አየው፤ ግን ከራሴ ጋር አላያያዝኩትም። ሳምንታት ሙሉ ያስተማርኩትን ትምህርት እኔው ወደቅኩበት።

መብራቱ ሲበራ ጫልቱ እንደገና ተነሳች። ፊቷን ወደኋላ አዙራ፣ «ቲቸር ከፈቀዱልን፣ ጓድ ሽፈራው ሰዓት ሠሪውን እንዴት እንደገመገሙት ቢያስረዱን» አለች።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጓድ ሽፈራው «አይ፣ እኔ እንኳ ለመታዘብ ነው የመጣሁት» እያለ ኮሌታውን አስተካክሎ መድረክ ላይ ወጣ። እናንተዬ፣ በዚያ ዘመን የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካድሬ መድረክ ከተሰጠው ፀሐይ ብትጠልቅም አይወርድም።

«ጓዶች!» አለ። «ይህን ፊልም ለመረዳት በመጀመሪያ ዓለም አቀፉን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል።»

ዓለም አቀፉን ሁኔታ ተመለከትን። ከዚያ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ አብዮታችን፣ ከብዙ ጉዞ በኋላ ወደ ሰዓት ሠሪው ደረሰ። ሰዓት ሠሪው ንዑስ ከበርቴ ነው፤ ንዑስ ከበርቴ ደግሞ በባሕሪው ወላዋይ ነው። ተማሪው ያጨበጭባል። «ሚስቱስ ጓድ፣ ከየትኛው መደብ ናት?» ይለዋል አንዱ። ስለ ሚስቱ መደብ ያብራራል። «ረዳቱስ?» ስለ ረዳቱ ያብራራል። ሌላ ጊዜ እሱ ሲናገር እያዛጉ ወንበር የሚፍቁት ልጆች ዛሬ «ይቀጥሉልን!» ይላሉ።

እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ከመታሰሩ ይልቅ የልጆቹ ነገር አንጀቴን አሳረረው። ማታ ማታ ቤቴ ጠርቼ በነፃ ያስጠናኋቸው፣ ጫማ የሌለውን በደመወዜ ጫማ የገዛሁለት፣ ሁሉም የሚወስደኝን ሰው በጭብጨባ ያጅባሉ። ተሸጥኩ አልኩ። ጫልቱን አየኋት። ንግግሩን ትታ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች። ፊቴን አዞርኩባት።

ሦስተኛው ጥቅል ጀመረ፤ ጨለመ። መርማሪው በዚህ ጊዜ ሰዓቱን ሳይሆን የምድር ቤቱን ደረጃ እየተመለከተ ነው። ውጪ ከመንገዱ ላይ የጭነት መኪና ጥሩምባ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋ። ከፊት ወንበር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ። ጫልቱ ናት።

«ኮታ፣ ባርሲሳ» አለችኝ በሹክሹክታ። ይምጡ መምህር፣ ማለቷ ነው። «ከአቡጀዴው ጀርባ የስፖርት ዕቃ ክፍል አለ። የውጪውን በር ደበላ ከፍቶታል፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። የአባቱ መኪና ከጉደር እስኪመለስ ነበር የምናቆየው። አሁን መጣ።»

«አጎትሽ ነው የላከሽ?» አልኳት።

«ቲቸር!»

«ስሮጥ ሊተኩሱብኝ ነው አይደል? ሲያመልጥ ተመታ ሊባል?»

ይህ በዚያን ጊዜ የማይሆን ነገር አልነበረም። እሷም ታውቃለች። የፊልሙ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲያርፍ እንባዋ ይታየኛል።

«አጎቴ ሊወስድዎት እንደሆነ ምሳ ሳቀርብለት ነው የሰማሁት» አለች። «ልነግርዎ ብመጣ ጮሁብኝ፤ ለልጆቹ በየጆሯቸው ነገርኳቸው። እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን? እኛ የምናውቀውን ሰውየው አያውቅም። ዛሬ ሰውየው እርስዎ ነዎት፤ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎ ብቻ አላወቁም።»

ዞሬ ልጆቹን አየኋቸው። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ወደ አቡጀዴው አያይም። እኔን የሚያየኝ አለ፤ ወደኋላ ሰዎቹን የሚያይ አለ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ጥያቄው፣ ይደገም ይደገሙ፣ ጭብጨባው፣ ሁሉም ገባኝ። ቢሆንም እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። ስንት ወር ያልታመነ ሰው ባንዴ እንዴት ይታመናል? አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ በሩን አየሁና «ጌታ ሆይ፣ ይህችን አምናለሁ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

«የውስጡን በር ሳይዘጉ የውጪውን እንዳይከፍቱ» አለችኝ። «ብርሃኑ በአቡጀዴው ያልፋል።»

የመጨረሻ ያየሁት መርማሪው እጁን የምድር ቤቱ በር እጀታ ላይ ሲያሳርፍ ነው። በጀርባ ገባሁ። የውስጡን በር እየዘጋሁ በጨለማ ስዳብስ እግሬ ብረት ነገር መታና ቋ! ብሎ ወደቀ። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ «ዋይ!» ብሎ ጮኸ። ‘መርማሪው አገኘው ማለት ነው’ አልኩ። የውጪውን በር ስከፍተው የከሰዓት ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ። ደበላ ፊት ለፊት ቆሟል፤ እጄን ይዞ በአጥር ቀዳዳ አሾለከኝ።

የደበላ አባት ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ድንች የሚያመላልሱ ሾፌር። ባዶ ጆንያ ክምር ውስጥ ቀበሩኝ። ጉደር ኬላ ላይ ፈታሹ ጆንያውን በዱላ ሲወጋ ዱላው ጎኔ አጠገብ አለፈ። ኦቦ ገመቹ ከጋቢናው ሆነው በኦሮምኛ እየቀለዱ ያስቁታል። ከተማውን ወጥተን ጢሻው ውስጥ ስንደርስ ቆሙና ጆንያውን ገለጡልኝ። ፊታቸው ላይ ላብ ይወርዳል።

«ቲቸር፣ እንግዲህ ደበላ በእንግሊዝኛ አይወድቅም አይደል?» አሉኝ።

ሳቅኩ። ስስቅ እንባዬ መጣ። ጂባት ውስጥ ሸነን ከተማ አድርሰው ለእምነታችን ሰዎች አስረከቡኝ። እዚያ ገበሬ ሆኜ፣ ስሜን ቀይሬ፣ መንግሥት እስኪለወጥ ጂባት ውስጥ ኖርኩ። ከተወሰዱት ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው በሕይወት የተመለሰው። እኔም እዚያ ብሄድ ኖሮ የትኛው እንደምሆን አላውቅም።

መንግሥት ሲለወጥ ጫልቱን ፈልጌ አገኘኋት፤ ጊንጪ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆናለች። ስታየኝ የያዘችውን ሳህን ጣለች። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። መጀመሪያ የጠየቅኳት ያን ቀን ምን እንደደረሰባት ነው።

«ምንም!» አለችኝ። «አጎቴ ምን ብሎ ሪፖርት ያድርግ? ስለ ሰዓት ሠሪ ንግግር ሳደርግ፣ ፊልም ሳይ አመለጠኝ ይበል? መምህሩ አስቀድሞ ከከተማ ወጥቶ ነበር ብሎ ጻፈ። ቤት ሲገባ ግን እራት አልበላም። እኔንም ለብዙ ጊዜ አላናገረኝም። አውቋል።»

«ያን ዕለት ቤቴ ስትመጪስ? መዝሙሩን ሰምተሽ ነበር አይደል?»

«ሰምቼ ነበር። እናቴ አገር ቤት ስትዘምረው የነበረው ነው» አለች። «ልግባ አልግባ ብዬ ነው የቆምኩት።»

ልትገባ ነበር! ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ ነው ስንት ወር ፊት የነሳኋት። የጠቆመብን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ መፈለጉንም ተውኩት። ይህን ስላችሁ ሰውን ሁሉ በጭፍን እመኑ ማለቴ አይደለም። ያን ዘመን አውቀዋለሁ፤ የሚያስጠረጥር ሞልቶ ነበር። ግን ጥርጣሬ እኔን ከማንም አላዳነኝም። ሊነግረኝ የመጣውን ሰው አባረረብኝ እንጂ። ዛሬም ሰው በክፉ ዓይን ማየት ሲያምረኝ፣ ‘እኔ የማላውቀው ምን ያውቅ ይሆን?’ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እናንተም አንድ ሰው ለብቻዎ የምነግርዎት አለኝ ብሎ ሲመጣ፣ ከፊልሙ በኋላ አትበሉት።

ልረሳው ነበር። ከጫልቱ ጋር ስንለያይ፣ ጂባት ጫካ ውስጥ ስንት ሌሊት ያብሰለሰልኩትን ነገር ጠየቅኳት። ርዕሱ ስለጠፋ ፊልሙን ደግሜ የማገኝበት መንገድ የለኝም።

«ለመሆኑ መርማሪው በሩን ሲከፍት ምን ሆነ? ሁላችሁም ዋይ ብላችሁ ስትጮኹ ሰምቼ ነበር።»

እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች።

«ቲቸር ይሙቱ! እኛ የጮህነው እርስዎ ብረቱን ሲጥሉ ነው እንጂ ፊልሙን ማን አየው? ሁላችንም የእርስዎን በር ነው ስንጠብቅ የነበረው። ከዚያ አዳራሽ የፊልሙን መጨረሻ ያዩት አጎቴና ጓደኛው ብቻ ናቸው።»